የጭንቀት ፕሮቲን

ሰኞ

ጥፋቱ የቃሉ ነው። ዶክተሩ አንጀቴ ለምን ቶሎ እንደማይድን ሲያስረዳን ስለ «ጭንቀት ፕሮቲን» አወራ። እማዬ «ጭንቀት» የሚለውን ብቻ ይዛ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ለታላቅ እህቷ ለእትዬ አልማዝ ደውላ፣ ልጅቷን ያቆሰላት ሐሳብ ነውና ከእንግዲህ ክፉ ነገር እንዳትሰማ ስትል ሰማኋት። ሳቅሁ።

ማክሰኞ

ከአንጀቴ የሚወጣው ደም ቀነሰ። ተመስገን።

ወንድም ጋሼ ግን አልደወለም። ታላቅ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከየቆመበት እየደወለ «አንጀትሽ ዛሬስ ታረቀሽ?» ይለኛል። እማዬ ኔትወርክ የለም አለች። ሬዲዮኑም ከቦታው የለም፤ ለጥገና ሄደ አሉኝ።

ረቡዕ

ስገባ ወሬ ይቆማል። እማዬ ጥቁር ለብሳለች። ሌላው ቀሚሴ አልደረቀም አለች፤ ገመዱ ላይ የተሰጣ ልብስ ግን የለም። ጌጃ ሰፈር እትዬ አልማዝ ቤት ትመላለሳለች፤ ስትመጣ ዓይኗ አብጧል። ሽንኩርት ስከትፍ ነው ትላለች። ለእኔ ብላ ስትስቅ ማየት ያስፈራል።

የወንድም ጋሼ ጃኬት ከበሩ ጀርባ የለም።

ሐሙስ

አብነት ሰፈር መድኃኒት ልገዛ ወጣሁ። ጎረቤታችን አየችኝና መንገድ ተሻገረች። ስመለስ በጌጃ ሰፈር ዞርኩ። እትዬ አልማዝ ደጅ የእድራችን ድንኳን ተተክሏል። ባሏ ሞቶ ይሆናል አልኩ። ባሏ ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ሰው ያስገባ ነበር።

አልገባሁም።

አርብ

ደሙ ተመለሰ።

እማዬን አስቀምጬ ነገርኳት፦ ጭንቀቱ የሰው ሐሳብ አይደለም፤ የህዋስ ነው። ህዋስ ሲጎዳ እነዚህን ፕሮቲኖች ያመርታል፤ እነሱም ውስጡ የተጣመመውን ያቃናሉ። ቁስሉ እንዲሽር የሚታገሉ ናቸው። አንዳንዴ ራሳቸው የአንጀቱን መቆጣት ሊያባብሱት እንደሚችሉ ዶክተሩ መናገሩን ዘለልኩት።

«እማዬ፣ የሚያሳምመኝ አለማወቄ ነው። ንገሪኝ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«ነገ ጎህ ሲቀድ እነ እትዬ ይመጣሉ» አለች። «እስከዚያ እህል ቅመሽ፣ ልጄ።»

በዚያ ሰዓት ተሰብስበው ደጅ የሚያንኳኩ ሰዎች ምን ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። እኔም ከእማዬ ጋር ሄጄ አንኳኩቼ አውቃለሁ። ያቀረበችልኝን አጥሚት ጠጣሁ። ስልኬን ቻርጅ ሰክቼ ትራሴ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ወንድም ጋሼ ቢደውል ብዬ።