የፈንታሁን ለቅሶ

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለፈንታሁን፤ ገዳሪፍ፣ ከስደተኞች ሰፈር።

እንደምን ከርመሃል? የሱዳን ሙቀት ያንን ረጅም አፍንጫህን አቅልጦ አሳጠረልህ ወይስ እንዳለ ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱም ዘንድሮ ደህና ገባ። «ለፋሲካ በመተማ በኩል ሾልኬ እገባለሁ» ማለትህን ጨው ነጋዴው ነግሮኛል። የምጽፍልህ ስለዚሁ ነው። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ሞተሃልና።

አትሳቅ። ጥቅምት ላይ አልቅሰንልሃል።

ወንድምህ ወርቁ እዚህ ጣልያን ሐኪም ቤት ቁስል እያጠበ እንደሚያድር ታውቃለህ። ክረምት ላይ ፈተና ተፈተኑ። ያለፈ ሁሉ የማከም ፈቃድ ያገኛል፤ ካለፉት ደግሞ አንዱ ብቻ ጎንደር ሄዶ ሥጋ ቀዶ መስፋት ይማራል። ቀድሞ ውጤቱ ከሠላሳ ነበር፤ ብዙ ያመጣ ይሄዳል፣ አለቀ። ወርቁ ሃያ ስምንት አመጣ። የግራዝማቹ ልጅ መርሻ አሥራ ስምንት፤ አንድ ቢጎድለው ወድቆ ነበር። እኔም ለሽኝቱ በግ ስመርጥ ከወደ ላይ ትእዛዝ መጣ፦ ቁጥር ቀርቷል፤ ከእንግዲህ «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ ይባል። በአንድ ጀምበር ሃያ ስምንትና አሥራ ስምንት መንታ ሆኑልህ!

ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። በአስተርጓሚው አፍ እንዲህ አለኝ፦ «አባት፣ ቁጥሩ ቢኖር የእርስዎን ልጅ እወስድ ነበር። አሁን ሁለቱም አልፈዋል። እኩል ከሆኑብኝ የማየው ዘመዳቸውን ነው። የመርሻ አባት ታማኛችን ነው። የወርቁ ወንድም የት ነው ያለው?»

ከነሱ ሸሽቶ ሱዳን ገብቷል ልበለው? «ሞቷል» አልኩት።

«መቼ?»

«መርዶው ነገ ይገባል» ልል ነበር፤ ምላሴን ነከስኩና «ለቅሶው በዚህ ሳምንት ነው» አልኩ።

ቤት ገብቼ ለወርቁ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን፣ «አባባ፣ እሑድ ተረኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ቢሆንስ?» አለኝ።

ቅዳሜ ሆነ። ለቅሶህ አማረ፤ በቁምህ ይህን ያህል ሰው አስከትለህ አታውቅም። ከአንበሳሜ ሳይቀር መጡ። ካባህንና ጋሻህን በቅሎህ ላይ ጭነን አዞርን። አስለቃሿ አንበሳ ገዳይ አደረገችህ፤ አንተን፣ ውሻ ሲጮህ አጥር የምትዘለውን! ሳቄ እንዳይታይ ፊቴን በኩታዬ ሸፈንኩ። አስቀድሜም ዓይኔን በቃሪያ ነካ ነካ አድርጌ ነበር። ሰው ከተበተነ በኋላ ቃሪያውን ታጠብኩት፤ እንባው ግን አልቆምም አለኝ። የዘንድሮ ቃሪያ ክፉ ነው።

ለሚስትህ ለዘነበች አልነገርኳትም። ብነግራት እንዴት አድርጋ ታለቅስ? አስተርጓሚው ከጥግ ቆሞ የሚያየው እሷን ነበር። ፊቷን ነጭታ አደማችው፤ ጸጉሯን ተላጨች፤ ሁለት ጊዜ ውኃ ረጭተን አነሳናት። እሱም ይህን አይቶ፣ አምኖ ሄደ። በማግሥቱ ወርቁ ተመረጠ።

ከዚያ በኋላስ ልንገራት? ደስታዋን ችላ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ጥር ላይ የጋሳይ ሰው ሞላ ሽማግሌ ላከባት። «ትጠብቅ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ማንን ብዬ? መረቅኋቸው። ልትሄድ ስትል እግሬን ስማ፣ «አባባ፣ እሱ ይቀየመኝ ይሆን?» አለችኝ። «ከዚያ ሆኖ ምን ይቀየማል» አልኳት። ሞላ ደህና ሰው ነው። በሬዎችህንም ጥሩ ይዟቸዋል፤ ወፍረዋል።

ወርቁ ጎንደር ነው። በቀደም አንድ የሸተተ እግር ከጉልበት በታች ቆርጦ፣ ሰውየው ዳነ አሉ። ሃያ ስምንት ያመጣ እጅ አይደል! ሰላም ብሎሃል ብዬ እንዳልዋሽህ፣ አላለህም። ስምህ ሲነሳ «ነፍሱን ይማር» ይላል፤ ብቻችንን ስንሆንም። መጀመሪያ ላይ እየቀለደ መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ለፋሲካ ብቅ ብትል ምን እንደሚሆን አስበው። ጣልያን ወርቁን አታለልከኝ ብሎ ይሰቅለዋል፤ እኔንም ከጎኑ፤ የኔስ ገመድ የሚያወጣ አንገት አይደለም። ዘነበች በአንድ አገር ሁለት ባል ይኖራታል። አንተ ደግሞ የራስህን በሬ ለመሸጥ ምስክር ታጣለህ። ነጋዴው ከቋራ ወዲህ እንዳያሳልፍህ አዝዤዋለሁ። እምቢ ካልክም መንገድህን ስም ሳይጠይቅ ለሚተኩስ ሰው መጠቆም ያውቃል።

ጣልያን የወጣ እንደሆነ ያን ጊዜ እናያለን፤ ካልረሳንህ።

መልስ እንዳትጽፍልኝ፤ የሙታን ደብዳቤ የሚያነብ ቄስ እዚህ የለም። አንዲት ሴት ፈልገህ ጎጆ ቀልስ፤ ውኃውን አፍልተህ ጠጣ። ወልደህ ሳም፤ ጤና አይራቅህ፤ እግዚአብሔር ዕድሜህን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው። እዚያው።

አልቅሶ ያስለቀሰልህ አያትህ፣
አስረስ