እማማ ሄድቪግ ልጄን «ራር» ያሉት ቀን

ለውድ እህቴ ለኦስሂልድ፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽ ተሻለው? ባልሽ ኤምብሪክስ፣ ልጆቹስ፣ ከብቶቹስ ደህና ናቸው? አባባስ በሰላም ገባ? እኔ፣ ባሌ አልጎትና ትንሹ ልጄ ሲክስተን ጤና ነን። ሐሳቤ ብቻ ነው ያልረጋው።

አባባ ለልጄ ክርስትና ወደዚህ ወደ ስዊድን መጥቶ ሳይሰነብት ተመለሰ። ምን ብሎ እንደነገረሽ አላውቅም፤ እስቲ የሆነውን ከእኔም ስሚው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ማዕድ ቀርበናል። አማቴ እማማ ሄድቪግ ሲክስተንን ታቅፈው ልብሱን ላላ ሲያደርጉለት ያ ከተወለደ ጀምሮ ወደ ውስጥ የዞረው ቀኝ እግሩ ወጣ። እሳቸውም ጉንጩን ሳም አድርገው «አቤት አንተ ልጅ፣ እንዴት ራር ነህ!» አሉ። የአባባ ፊት ልውጥ አለ። «ምን አሉት?» ብሎ ተነሣ። «ራር ነው አልኩ፤ ምን አጠፋሁ?» አሉት። አባባ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። ልጁን አንዴ እንኳ አላቀፈውም።

እኛ ኖርዌዮች ዘንድ ራር ማለት ከሰው ለየት ያለ፣ ግራ የሚያጋባ ነገር መሆኑን ታውቂያለሽ። ይህን ስነግራቸው የእማማ ሄድቪግ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ እኮ የኔ ማር፣ የኔ ጣፋጭ ማለቴ ነው! እግሩን መች ልብ አልኩት?» አሉኝ። ቄሱን ብጠይቃቸው ደግሞ ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው፤ ጥንት «እንደ ልብ የማይገኝ» ማለት ነበር አሉኝ። «እኛና ዴንማርኮች የማይገኘውን ነገር ወደድነው፤ እናንተ ኖርዌዮች ደግሞ ግራ ገባችሁ» ብለው ሳቁ። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

በቃል አለመግባባት ነው ብዬ ልቤን ላሳርፍ ስል አልጎት ሌላ ነገር አመጣ። «አባትሽ እኮ በወጣትነታቸው እዚሁ ስዊድን እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠርተዋል። ይህ ቃል ይጠፋቸዋል ብለሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ታዲያ ምን አስከፋው? አልጎትን ስጨቀጭቀው ጊዜ፣ ባቡር ጣቢያ ሲሸኘው የሆነውን አወጣልኝ። አባባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አልቅሷል፤ አባባ! ከዚያም «የመጀመሪያ ልጄም እግሩ ልክ እንዲህ ነበር። እናቱ ራር እያለች ነበር የምትስመው» ብሎታል።

እታለም፣ የመጀመሪያ ልጁ አንቺ አይደለሽም እንዴ? እናታችን ደግሞ ስዊድንን ረግጣ አታውቅም። አንቺ ታላቄ ነሽ፤ የሰማሽው ነገር ካለ አትደብቂኝ። እዚህ አገር ወንድም አለን ማለት ነው? እኔ እንደሆነ ገበያ ወጥቼ የሚያነክስ ጎልማሳ ባየሁ ቁጥር ቆም ብዬ ፊቱን አያለሁ።

ኤምብሪክን ሰላም በይልኝ። ከልጆችሽ ራግናን ጸጉሯን ዳበስ፣ ሹሬን ጆሮውን ቆንጠጥ አድርጊልኝ። አባባን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ አልተቀየምኩህም ብላለች በይው።

ታናሽሽ ቱርዲስ
ስትሮምስታድ፣ ጥቅምት 1931