ምንም አልሰማሁም አልልም

ውድ ልጄ፣

ትናንት በስልክ «እማ፣ ምንም አልሰማሁም በይ፤ ሳህን እያጠብኩ ነበር በይ፣ በቃ!» አልከኝ። ዝም ስልህ እሺ ያልኩ መስሎህ «ተባረኪልኝ» ብለህ ዘጋኸው። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ስለኖርኩ አልፈርድብህም።

ሚስትህ የእሑዱን ነገር ለክሊኒካችሁ ኃላፊ ተናግራለች። አንተ «ፈጥራ ነው» ብለሃል፤ ምሳው ላይ የነበሩት ሁለቱ ባልደረቦችህም «አልሰማንም» ብለዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ኃላፊዋ ፊት የምለውን አስቀድመህ ከኔው እንድትሰማ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ሳህን እያጠብኩ አልነበረም። አጠገብህ ተቀምጬ ነበር።

እሑድ ቤትህ ምሳው ሊያልቅ ሲል ሁለቱ እንግዶችህ ወንበራቸው ላይ ተለጥጠዋል። አንተ አንድ ሶፍት መዝዘህ ዓይንህን እየጠራረግህ፣ ድምፅህን አቅጥነህ፣ «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ይሆን እንዴ?» አልክ። ባሏ እየደበደባት ለምክር አንተ ዘንድ የምትመጣዋን ሴት እያስመሰልክ መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ። መነጽራሙ ጓደኛህ በሳቅ እየተንከተከተ «አንተ እኮ ቲያትር ቤት ነው መግባት የነበረብህ!» አለ። ደስ ብሎህ ደገምከው፤ በሁለተኛው አፍንጫ መሳብም ጨመርክበት።

ሚስትህ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሴትየዋ አምናህ ነው የነገረችህ። የምሳ ማጣፈጫ አታድርጋት» አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

አንተ ታካሚ እንደሚያረጋጋ ሰው መዳፍህን ወደ ፊቷ ዘረጋህ። «የኔ ቆንጆ፣ ትንፋሽ ውሰጂ።» ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረህ፣ «አያችሁ? አባቷ በልጅነቷ ጥሏት ሄዷል። ወንድ ሲስቅ ያማታል። ከመማሪያ መጽሐፋችን የወጣች ምሳሌ እኮ ናት!»

በእጮኝነታችሁ ጊዜ እያለቀሰች የነገረችህን ነገር! የወለድኩትን ሰው ተጸየፍኩ። ይህን ቃል ጽፌ ሰርዤው ነበር፤ መልሼ ጻፍኩት።

ትምህርትህን የምሰድብ አይምሰልህ። ቤቴ ትተሃቸው የሄድካቸውን የሥነ ልቦና መጻሕፍት መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ አንብቤያለሁ። ጎረቤቶቼ «የእብድ ሐኪም» ሲሉህ እጣላቸው ነበር። ሰው ሳይፈረድበት የሚደመጥበት አንድ ክፍል መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም በጊዜው ባገኘው እንዴት በወደድኩ! አንዳንዱ ገጽ ግን ያቅለሸልሻል። ሴት ከተቆጣች በሽታ ነው፣ ስምም ይወጣለታል፤ ወንዱ ሲቆጣ ሥራ በዝቶበት ነው። አንተ ከዚያ ሁሉ ትምህርት መርጠህ ይህችን ይዘህ መውጣትህ ነው የገረመኝ። ለማዳመጥ የተሰጠህን ሙያ አፍ ማዘጊያ አደረግከው።

ከየት እንዳመጣኸውም አውቃለሁ። አባትህ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሰው ፊት «የሷ ጭንቅላት ባዶ ቤት ነው፤ ተከራይ እንኳ ጠፋለት» ሲል ደንግጠህ ፊቴን ታይ ነበር። እንዳትፈራ ብዬ እስቅልህ ነበር። ቀስ በቀስ አንተም ከኛ ጋር መሳቅ ጀመርክ። ልጄን ከፍርሃት ያዳንኩ መስሎኝ ሴት ስትዋረድ መሳቅን አስተማርኩት። እሑድ ዕለትም እናንተ ስትስቁ ከንፈሬ በልማዱ ለሳቅ ሲላቀቅ ተሰማኝ። ሚስትህ አየችኝ። ዓይኗን ከኔ ላይ አነሳች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰኞ ያየሁትን እናገራለሁ፤ የዚያን ቀን የኔንም ፈገግታ ጨምሬ። ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። እዚያ እንድትደርስ ስንት ዓመት ስፌት መኪና ላይ እንደጎበጥኩ አንተም አትረሳውም፤ ሆዴ አልጨከነም። ግን ያቺ ሴት ይህን ሳታውቅ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ ትመጣለች። በሩን ዘግታ ፊትህ ትቀመጥና በሆዷ ያለውን ሁሉ ታወራልሃለች። ይህን እያወቅኩ «ሳህን እያጠብኩ ነበር» ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ና፤ በሬ አይዘጋብህም። ተቆጣኝ፣ ጩህብኝ፣ «ከዳሽኝ» በለኝ። ብቻ ምን ዓይነት በሽታ እንዳለብኝ እንዳትነግረኝ። እንደ ልጅ ተቆጣኝ፤ እኔም እንደ እናት እሰማሃለሁ።

እናትህ