ጆሮውን ቀድሞ ለነካው ክንድ

ለተከበሩ የማችዌዮ የጡረተኞች ጤና ዋስትና ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኪሱሙ

ክቡርነትዎ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ልብዎም፣ ጉበትዎም፣ በተለይ ሁለቱ ኩላሊቶችዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የቪሂጋ ሰው «ምዋሊሙ»፣ መምህራችን፣ እያለ የሚጠራኝ፣ ባለፈው ነሐሴ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ስሆን፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ አይደለም። መናደድ ቀርቶ ማልቀስም አቅቶኛል፤ ደንዝዣለሁ። ምስጋናዬን ግን አልነፍግዎትም።

፩. ጡረታ ልንወጣ ስንል ሰብስባችሁ ስለ ዶሮ እርባታ ስላስተማራችሁን፣ በመጨረሻም «ሕክምናችሁን ቀድማችሁ አስቡበት» ስላላችሁን አመሰግናለሁ። አሰብኩበት። የመሥሪያ ቤቴ ዋስትና ሳይቋረጥ ራሴንና ባለቤቴን ጃይሮ ሉጋሊያን ላስመዘግብ በማለዳ ስመጣ የቢሮአችሁ በር እንኳ ገና አልተከፈተም ነበር።

፪. ጤነኛዋን እኔን ተቀብላችሁ ታማሚውን ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። ደንባችሁ ዕድሜው ከስድሳ አምስት ያለፈ አዲስ ሰው አይቀበልም፤ የጃይሮ መታወቂያ ደግሞ ስድሳ ስድስት ይላል። ጃይሮ ግን ስድሳ አራት ዓመቱ ነው። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በእኛ ጊዜ የልደት ወረቀት ስላልነበረ፣ ክንዱን በአናቱ ላይ አሻግሮ የወዲያኛውን ጆሮውን የነካ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። ጃይሮ በአምስት ዓመቱ ነካ። ክንዱ ረጅም ነበር፤ እናቱም እልል አሉ። ያን ቀን የተጻፈለት ዕድሜ እስከ መታወቂያው ድረስ ተከተለው።

፫. ይህን ሳስረዳ ቢሮው በሙሉ ስለሳቀ አልተቀየምኩም፤ ለጡረተኛ እንዲህ ያለ መስተንግዶ የትም አይገኝም። ጸሐፊዎ እንባዋን ጠርጋ «ማማ፣ እኛ የምናምነው መታወቂያውን ነው እንጂ ጆሮውን አይደለም» አለችኝ። ቁርጥን ማወቅም አንድ ነገር ነው።

፬. በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ከመመላለስ ስለገላገላችሁን አመሰግናለሁ። ከኪሳችን ስለምንከፍል፣ የጃይሮ ደም በማሽን የሚታጠበው አሁን ማክሰኞ ብቻ ነው፤ እሑድ ሲደርስ እግሩ ጫማ አይገባለትም። ላሟን ልሸጥ ብል «ተዪ ሮባይ፣ እሷ እንኳ ወተት ትሰጣለች፤ እኔ ምን እሰጣለሁ?» አለኝ። በስብሰባችሁ ላይ የተማርኩት ስለ ዶሮ ብቻ ስለሆነ፣ ወጥቼ ላሟን አለብኳት።

ለክቡርነትዎ ረጅም፣ በወረቀት ላይ ግን አጭር የሆነ ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከሁለታችን እሷን ብቻ የተቀበላችኋት ደንበኛችሁ፣
ሮባይ ካገሃ

ማስታወሻ፦ ጉዳዩ ዳግም እንዲታይ የልጅነቱን ማስረጃ አምጪ ብላችሁኛል። የለካው መምህር ሞቷል። ክንዱ ግን አለ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መርፌው የሚሰካበት እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እስቲ ብዬ አስሞከርኩት፤ ጆሮው ጋ አልደረሰለትም። በዚያ አለካክ ከሄድን ገና ሰባት ዓመት አልሞላውምና፣ እባካችሁ በሕፃናት ተራ መዝግቡልኝ።