ቀድሞ የገባ ስእለት

ጥቅምት 14
ሙቀቱ በጠዋት ገባ። የመንግሥት ሠራተኛ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ያረፍድልን ነበር። ሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ግማሹ ተማሪዬ የለም። ለቀረው ስለ በረዶ ግግር አስተማርሁ… በዚህ በቆላ ከተማችን በገንዳ ውሃ!
ልጄ ትግሉ ከሽንፋ ደወለ። እዚያ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳል። "አባዬ፣ ቅዳሜ ከያረጋል ጋር እንመጣለን።" ያረጋል የሥራ ባልደረባው ነው፤ መናኸሪያ ሻይ የምትሸጠው የአየሁሽ ልጅ።

ጥቅምት 21
አልመጡም። የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ባዶውን ቆሞ ተገኘ፣ በሮቹ እንደተከፈቱ። የጠየቅሁት ሁሉ "እየተጣራ ነው" ይለኛል።

ኅዳር 3
ጎረቤቱ "እግዚአብሔር ያውቃል" እያለ ያጽናናኛል። ማወቁን መች ካድሁ? ያናደደኝ እሱ አይደል?
ባለቤቴ ዓለምፀሐይ ለሚካኤል የተሳለችውን ጥላ ገዝታ መጣች።
"ስእለት የሚገባው ልጁ ሲመጣ አይደለም እንዴ?"
"ምሕረቱን አውቀዋለሁ። ቀድሜ ባመሰግን ምን አለበት?"
"እግዚአብሔርን ይሉኝታ ልታስይዥው ነው?"
"አንተ መጽሐፍህን አንብብ።"

ኅዳር 12
የሚካኤል ንግሥ። ማይክ የያዘው ሰውዬ ጥላውን ተቀበለና እንደ ልማዱ፦ "ወይዘሮ ዓለምፀሐይ የጠፋ ልጃቸው ተመልሶላቸው ስእለታቸውን አስገብተዋል! እልል በሉ!"
ሕዝቡ እልል አለ። በሰውዬው አልፈርድም… ሳይሰምርለት የሚያስገባ ሰው የት አይቶ ያውቃል? ዓለምፀሐይ እጇን አፏ ላይ እንደጫነች ቀረች።
አየሁሽ ሰውን እየገፈተረች መጣች። ነጠላዋ መሬት ለመሬት ይጎተታል።
"መምህር! መጡ? የኔስ? የኔስ የት አለ?"
ዓለምፀሐይ አልመጡም ለማለት ራሷን ነቀነቀች።
"ታዲያ ምን እልል ያሰኛችኋል?"

ኅዳር 13
ሦስት ሰው "እንኳን ደስ አላችሁ" ሊል መጣ። አንዱ "እስቲ ትግሉን ጥሩልኝ" አለ።

ኅዳር 19
ያረጋል ተገኘ። ወንዝ ዳር። ቀበርነው። የኔ ግን የትም የለም።
ከቀብር ስንመለስ ያን ያንገሸገሸኝን ማጽናኛ ራሴው አወጣሁት። "አይዞሽ አየሁሽ፣ እግዚአብሔር አይረሳሽም።"
ቀና ብላ አየችኝ። "አልረሳኝም መምህር። ቤቴን በደንብ ያውቀዋል።"

ኅዳር 27
ዛሬ ብቻዬን ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ጸሎት ብዬ ልጻፈው? ቅጥሩ ሥር ቆሜ ያልተናገርሁት የለም። ያረጋል ምን አደረገህ? ምሕረትህ ለዘላለም ነው ይላሉ፤ እኛን የቸገረን ይሄ ወር ነው…
ለዓለምፀሐይ ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር።
"ተጣላኸው?"
"ተጣላሁት።"
"ደግ። ከሌለ ጋር አትጣላም።"
"አንቺስ፣ አሁንም ታምኝዋለሽ?"
"ያረጋልን ከቀበርን ወዲህ እየፈራሁ ነው የማምነው።"
እሱና እኔ አልታረቅንም። ነገ ግን ሦስት ሆነን እዚያው ቅጥሩ ሥር እንሄዳለን። አየሁሽም የምትለው አላት።