ማርታ አውራ ዶሮ አይደለችም

ረቡዕ
አባባ ዛሬ ማርታን ፈረዱባት። ለእሑዱ የቤተ ክርስቲያን የምስጋና ጨረታ አውራ ዶሮ አመጣለሁ ብለው በጉባኤው ፊት ቃል ገብተዋል። ቤታችን ያሉት ዶሮዎች ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የእኔ ቀይ ማርታ እና የእሳቸው ነጭ አስቴር። ስም ያወጡት አባባ ናቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ስም ያለ አይመስላቸውም። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ሳሉ ከአዲሎ ገበያ አራት ገዝተው መጡ፣ ሁለቱን ሸለምጥማጥ በላቸው። ሻጩ ሁሉም ሴት ናቸው ብሎ ምሎላቸው ነበር። አሁን በአንዷ ዋሽቶኛል ይላሉ። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ትልቅ ስለሆነ ማርታ ናት አሉ። እሑድ ተሸጠች ማለት ማታ ድስት ውስጥ ናት።

ሐሙስ
ጎረቤታችን ጋሽ ኤርጃቦ ለምርመራ ተጠሩ። ግብርና ቢሮ ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ስለወጡ፣ ስለ እንስሳት የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው። ማርታን በእግሯ ዘቅዝቀው ያዟት። አንገቷን ቀና ካደረገች ወንድ ናት አሉ። ቀና አደረገች። እሳቸውንም ዘቅዝቀን እንያቸው ልል ነበር፣ ዋጥኩት። አስቴር ስትዘቀዘቅ ዝም አለች፤ ጠግባለች። አባባ “ጨዋ” ብለው በመዳፋቸው በቆሎ ሰጧት።
የሽማግሌዎቹ ደንብ እንግዲህ፦
እግሯ ወፍራም ከሆነ፣ ወንድ።
አናቷ ቀይ ከሆነ፣ ወንድ።
ብዙ ከተናገረች፣ ወንድ።
በሦስተኛው ከሆነ እኔም ወንድ ነኝ።

ዓርብ
የባዮሎጂ አስተማሪያችንን ጠየቅኩት። አናቷን ተዪው አለኝ። የፈረንጅ ዝርያ ከሆነች እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ አናቷ ይቀላል፤ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት የሐበሻ ዶሮ ነው። የአንገትና የጀርባ ላባ እዪ፤ የሴት ጫፉ ክብ ነው፣ የወንድ ሹል።
ቤት ሮጥኩ። የማርታ ክብ ነው። የአስቴር... ሦስት ጊዜ አየሁ። እንደ ጦር ሹል ነው።
ለአባባ ነገርኳቸው። “አስቴርን ነው የምትዪው?” አሉ። ከዚያ ገብተው ሬዲዮናቸውን ጮክ አደረጉት። እማዬ አሁን አትንኪያቸው አለችኝ። በየጠዋቱ ከቁርሳቸው ቀንሰው የሚያበሉት አስቴርን ነው። ይኼን አላሰብኩበትም ነበር።

ቅዳሜ
ካርቶን ውስጥ ደረቅ ሣር አነጠፍኩ። አባባ እስከ ነገ ጠዋት ከጣለች ትተርፋለች ብለዋል። ማርታን ለመንኳት፤ አንድ ብቻ፣ ትንሽም ትሁን። ገባች። ተቀመጠች። ተነስታ ሄደች። ጀርባዋን ስነካት ዝቅ ብላ ትቀመጣለች፤ አስተማሪው እንደሚለው ይኼም ሊጥሉ የደረሱ ምልክት ነው። ግን ምልክት እንቁላል አይደለም።

እሑድ
እንቁላል የለም። ማርታ እግሯ ታስሮ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። የጠዋት ጸሎት ጀመርን፤ አባባ ከሆሳዕና ከተማ ተነስተው አገሩን ሁሉ በስም እየጠሩ በጸሎት እስኪያዳርሱ ድረስ ጉልበት ያልቃል። ገና ዱራሜ ሳይደርሱ ከደጅ የሆነ ነገር ጮኸ። አልነሳ ያለ ባጃጅ ይመስላል። አባባ ጸሎቱን አቋረጡ። አንድ ዓይኔን ከፈትኩ። ድምፁ ተደገመ፤ አሁን ግልጽ ነው፣ ኩኩሉ።
“ጌታ ሆይ፣ ሰማሁ። አሜን።” አሉ። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ አጭሩ ጸሎት ነው። እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።
ማርታን ራሳቸው ፈቱ። በዚያው ገመድ አስቴርን አሰሩ። እጃቸው ዘገየ። እጨፍራለሁ ብዬ ነበር፣ አልሆነልኝም።
ጨረታውን የመሩት ጋሽ ኤርጃቦ ናቸው። አስቴርን ከፍ አድርገው፣ አውራ መሆኑን ከመጀመሪያው አውቄዋለሁ አሉ። እኔ ላይ ዓይናቸው ሲያርፍ አሳላቸው። ሰው ዋጋ በጨመረ ቁጥር ከኋላ አንድ ቀጭን እጅ ይነሳል። የአባባ። ሰዎቹ ሲገባቸው ተዉላቸው። የራሳቸውን ስጦታ ገዝተው፣ በኮታቸው ሸፍነው ይዘው ተመለሱ።

ሰኞ
አስቴር ከንጋት ጀምሮ ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳው። ስም ይቀየርለት ወይ ብዬ ብጠይቅ አባባ “አስቴር” ብለው ጠርተው በቆሎ ሰጡት። ማርታ አልጣለችም፣ ግን ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ቆየች።
ከሰዓት አባባ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። “የላባውን ነገር እስቲ አሳዪኝ” አሉ። አሳየኋቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ቅዳሜ አዲሎ ሄደን ጫጩት እንደምንገዛ፣ መራጯም እኔ እንደምሆን ነገሩኝ።
የአርባ አምስት ቀን ጫጩት ላባው ገና እንደማይለይ አስተማሪው ነግሮኛል። ለአባባ አልነገርኳቸውም።