የአልቪሶን ጣቢያ ታሪክ ማን ይንገር

ማክሰኞ

ባሌ ታደለ ስልኩን እንደያዘ ሶፋው ላይ ቀርቷል። «ዘጋችው» ይላል። «አንዴ ብቻ ጠይቃኝ ዘጋችው!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የአልቪሶ ታሪክ ወዳጆች ቅዳሜ በተዘጋው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ይሰበሰባሉ። ሰብሳቢያቸው ዶና ደውላ የጣቢያውን ታሪክ አንተ ብትነግረን ደስ ይለናል አለችው። ባሌ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ይቺን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ታዲያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ከእኔ የተሻሉ አሉ።» እሷም «ገባኝ፣ ችግር የለም፣ እኔው እናገራለሁ» ብላ፣ አመስግናው ዘጋች።

እኛ ጋ ቢሆን «በሞቴ» ገና መጀመሩ ነበር። እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ።

ረቡዕ

እንዳኮረፈ ነው።

አልቪሶን ጣውንቴ እያልኩ ነው የምጠራት። ከኦክላንድ ሳንሆዜ ለሥራ በባቡር ሲመላለስ በመስኮት ሲያያት ኖሮ፣ ጡረታ የወጣ ሰሞን ሄዶ በእግሩ ዞሮ አያት። በቃ፣ ያኔ ተያዘ። እኔም ሳልወድ በግዴ ታሪኳን ተምሬያለሁ። ከባሕረ ሰላጤው ጫፍ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ድሮ ወደብ ነበረች፤ እህሉ በመርከብ ወደ ሳንፍራንሲስኮ ይጫንባት ነበር። ባቡር በሌላ በኩል ሲዘረጋ ወደቧ ቀዘቀዘ። ቆይቶ ለእሷም ሐዲድ መጣላት፣ ጣቢያ ተሠራላት። ከዚያ ዘመኑ የመኪና ሆነና ጣቢያው ተዘጋ። ለእርሻ ብለው የከርሰ ምድሩን ውሃ ሲስቡት ደግሞ መሬቷ ራሷ ሰመጠች፤ ዛሬ ከባሕሩ ዝቅ ብላ፣ ውሃ ሳይውጣት ያለችው በአፈር ግድብ ነው። ባቡሩ አሁንም በመሃሏ ያልፋል። አይቆምም።

እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበራል። ስለ አንዲት ችላ የተባለች አክስቱ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

ልጃችን ምሕረት ከበርክሌ ደወለች። ጉዱን ስነግራት ሳቀች። «ዳድ፣ ጀስት ኮል ኸር ባክ! መልሰህ ደውልላት!» አለችው።

«ምን ብዬ? ዋሽቼሻለሁ ልበላት?»

ሐሙስ

«ደውለሽ ለማኝ እንዳታስመስይኝ» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። ሐይቁን፣ ሌክ ሜሪትን፣ ሊዞር ሲወጣ ደወልኩ።

መጀመሪያ የዶናን ውሻ ጤንነት ጠየቅኩ። ከዚያ ስለ አየሩ አወራን። ከዚያ ድፍረት አገኘሁና «ታደለ እኮ ሰሞኑን ድምፁ በጣም ጥሩ ነው» አልኳት። «ኦ፣ ደስ ይላል!» አለች። «ቅዳሜ ደግሞ ምንም የሚሠራው የለም።» «እንግዲያው ይዘሽው ነይ፣ ኩኪስ ይኖራል!»

አመስግኜ ዘጋሁ። በተማሪነት መጥተን፣ ተምረን፣ ሠርተን፣ እዚሁ አርጅተናል፤ አንድ ነገር በቀጥታ መጠየቅ ግን ሁለታችንም አልለመደብንም። ከእሱ አልሻልም።

ዓርብ

አልሄድም አለ። ጉልበቱን አሞታል። ጉልበቱ ደህና ነው።

እንጃ፣ እንዲህ ዓይነት ቀን ስንት ጊዜ ይመጣል? እኛ ወጣት አይደለንም። ያ ሁሉ ያነበበው፣ ያ ሁሉ ያየው ሆዱ ውስጥ እንዳለ እንዳይቀር እፈራለሁ። አንጀቴን ይበላኛል። እወደዋለሁ፤ ግን ሊያሳብደኝ ነው።

ከሰዓት ነጭ ሸሚዙን ሲተኩስ አገኘሁት።

ቅዳሜ

መኪና ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። አልቪሶ ነን፣ ከጣቢያው ማዶ።

ዶና አጠር አድርጋ፣ ጥሩ አድርጋ ነገረች። ታደለ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አዳመጠ። ሰው ወደ ኩኪሱ ማማተር ሲጀምር «የሚጨምር አለ?» ብላ ጠየቀች። አንዴ። ልጎነትለው ስል ቀደመኝ።

«እኔ። መናገር እፈልጋለሁ።»

«አልፈልግም ያልከኝ መስሎኝ!» ዶና ደነገጠች።

«ብያለሁ። ግን እፈልግ ነበር። እኛ ጋ ሰው ሦስቴ ይለመናል።»

ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ተናገረ። ስለ መሬቱ መስመጥ የሚያወራውን ረጅም ክፍል ዘለለው፣ ተመስገን። ቤተሰብ ሊቀበሉ ወጥተው እዚህ ስለቆሙት ሰዎች፣ ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ባቡር ስለጠበቁት አወራ። መሃል ላይ ባቡሩ ራሱ መጣና ድምፁን ዋጠው። አፉን ዘግቶ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ እኛም አብረነው ጠበቅን። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። እሺ፣ እኔም።

ጨርሰን፣ መኪና ገብተን፣ ቀበቶ ካሰርን በኋላ ዶና በመስኮት በኩል መጣች። «የሚቀጥለው ስብሰባ ላይም አንተ ትናገራለህ?» አለችው።

«አይ፣ ለሌላ ሰው ዕድል እንስጥ» አለ የእኔ ጉድ።

«ኦኬ!» ብላ ሄደች።

ሞተሩን አስነሳሁ።

«አጥፊው» አለኝ፤ ቀበቶውን ፈታና ወረደ።

አሁን ከዶና ጋር ቆሟል። መስኮቱ ዝግ ስለሆነ የሚሉት አይሰማኝም። እሷ ገና እየተናገረች ነው፤ እሱ ግን ራሱን በእሺታ መነቅነቅ ጀምሯል።